የዕቅድ ውይይት፦ ጀርመን ለሚማሩ ልጆቻችን የሚሰጠው ድጋፍ፣ ሦስተኛ ረቂቅ

ጸሐፊዋ፦ ሦስተኛው ረቂቅ ይኸውላችሁ። ሁለተኛው ምን እንደ ደረሰበት ስለምታውቁ አልመለስበትም። እስካሁን ያለንን ሁሉ በሽኝቱ ሰሞን እናወጣና ልጁ አውሮፕላን ከተሳፈረ በኋላ ስልክ ቁጥሩን እንኳን የሚያውቅ የለም። አሁን የሚቀርበው ሐሳብ ከእያንዳንዱ ተማሪ ድርሻ አብዛኛው ከስድስተኛው ወር በኋላ እንዲከፈል፣ ለእያንዳንዱ በየወሩ የሚደውል አንድ አባል እንዲመደብ፣ ለድንገተኛ ችግር ደግሞ ስብሰባ ሳይጠራ በሦስት ፊርማ የሚወጣ መጠባበቂያ እንዲቀመጥ ነው። ከጉዞ በፊት የሚሰጠው አንድ ካፖርት ብቻ ነው። አስተያየት እስከ ዓርብ።

ገንዘብ ያዥ፦ በዩሮ የተጻፈው ሁሉ ወደ ብር ይቀየር። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት ዶላር በባንክ ወደ 57 ብር ነበር፤ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። መዋጯችን ግን ከነበረበት አልተነቃነቀም። ለቪዛው ብሎክድ አካውንት (በየወሩ በተወሰነ መጠን ብቻ የሚወጣበት የባንክ ሒሳብ) ውስጥ የሚቀመጠው 11,904 ዩሮ የወላጅ ሸክም ነው፤ ተማሪው ከዚያ በወር የሚያወጣውም 992 ብቻ ነው። ማኅበሩ እዚያ ውስጥ እጁን አያስገባም፣ አቅሙም የለውም። ያለችን ትንሽ ናት፤ ትንሿ በሰዓቷ ትድረስ ከተባለ እኔ ተስማምቻለሁ።

ላይፕዚግ ያለው፦ ስድስተኛ ወር የተባለው እንዲሁ የመጣ ቁጥር አይደለም። ስቨሬ ሊስጎርድ የተባለ የኖርዌይ ሶሺዮሎጂስት አሜሪካ ደርሰው የተመለሱ 200 ኖርዌያውያንን ጠይቆ እ.ኤ.አ. በ1955 ጥናቱን አሳትሟል። ከስድስት ወር በታች የቆዩትም ከ18 ወር በላይ የቆዩትም ደህና ነበሩ፤ የተቸገሩት በመካከል ያሉት ናቸው። የእኛም ልጆች እንደዚያው ናቸው። ጥቅምት ላይ ሲገቡ ባቡሩም ድልድዩም ፎቶ ይነሣል። ታኅሣሥ ላይ ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ ፀሐይ ትጠልቃለች። ከዚያ የጥርና የየካቲት ፈተና ይመጣል። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች አንድን ፈተና ሦስት ጊዜ የወደቀ ተማሪ ከትምህርት ክፍሉ ይሰናበታል፤ መኖሪያ ፈቃዱም አብሮ ይናጋል። ለእናቱ ሲደውል ግን «ደህና ነኝ፣ ብርዱ ብቻ ነው» ይላል።

የሁለት ተማሪዎች አባት፦ ገጽ ሁለት ላይ «የማኅበሩ አርማ ያለበት ካፖርት» ይላል። አርማው የት ነው የሚጠለፈው? ደረቱ ላይ ከሆነ እቃወማለሁ።

መሥራች አባል፦ ደረቱ ላይ ነው፤ ሌላ የት ሊሆን ነው? ባለፈው ሻንጣዎቹ ያለ አርማ ሄደው ሌላው ማኅበር የሰጠሁት እኔ ነኝ ሲል ቁጭ ብላችሁ አልሰማችሁም?

የተማሪ እናት፦ ልጄ አትለብሰውም። ከአሁኑ ልንገራችሁ።

ላይፕዚግ ያለው፦ ጋሼ፣ ልጁ ትምህርት ክፍል ገብቶ ካፖርቱን ሲሰቅል ጎኑ ያለው ተማሪ ይህ ምንድን ነው ብሎ ይጠይቀዋል። ምን ብሎ ይመልስ? ተማሪውን የማስታወቂያ ሰሌዳ አናድርገው። ደግሞም ካፖርቱን ለምን እዚያ አንገዛም? አገር ቤት የሚሸጠው ብርዱን ይችል ይሆናል እንጂ ዝናቡን አይችልም።

መሥራች አባል፦ «ማኅበሬ የሰጠኝ ነው» ብሎ ይመልሳ! የሚያሳፍር ነገር አለው? አንተ ራስህ በማን ገንዘብ ነው የሄድከው?

ላይፕዚግ ያለው፦ በማን ገንዘብ እንደ ሄድኩ ቃለ ጉባኤው ላይ አለ። ስንት ወር ዘግይቶ እንደ ደረሰኝም እዚያው ላይ አለ።

ጡረተኛው መምህር፦ እኔ በደርግ ጊዜ ምሥራቅ ጀርመን ስላክ ላይፕዚግ ሄርደር ኢንስቲትዩት ቋንቋ ስማር የመጀመሪያውን ክረምት ያሳለፍኩት ከአንድ ቬትናማዊ ጓደኛዬ በተዋስኩት ካፖርት ነው። አርማ አልነበረውም፤ ቢኖረውም ከመልበስ አያግደኝም ነበር። እጅጌው ግን እስከ ክንዴ መካከል ብቻ ነበር የሚደርሰው። ስለ ልክ ማንም አላነሣም፤ ለሁሉም አንድ ልክ ልትገዙ ነው?

ኦዲተሩ፦ መምህር ጥሩ ነጥብ አነሡ። በሦስት ልክ ከተገዛ ፕሮፎርማውም በሦስት ልክ ይቅረብ።

ወጣት አባል፦ ፕሮፎርማውን ለእኔ ተዉት። የደዋዮቹንም ዝርዝር እኔ አዘጋጃለሁ፣ እስከ ረቡዕ ታገኙታላችሁ።

ጸሐፊዋ፦ ጥሩ፣ ያዝኩት። አሁን ወደ መጠባበቂያው እንመለስ። ለምን ሦስት ፊርማ እንዳልኩ የማታውቁ ካላችሁ፦ ባለፈው ክረምት አንዷ ልጃችን ክፍል አግኝታ የማስያዣ ገንዘብ አጣች። አከራይ እስከ ሦስት ወር ኪራይ ድረስ በማስያዣነት መጠየቅ በሕግ ይችላል። ሥራ አስፈጻሚው ምልዓተ ጉባኤ እስኪሞላ ስትጠብቅ ክፍሉ ለሌላ ተሰጠ። የጓደኛዋ ወለል ላይ ፍራሽ አንጥፋ ነው ያን ሴሚስተር የጨረሰችው። የመኖሪያ አድራሻ ምዝገባ የሚፈጸመው ቤቱ በገቡ በሁለት ሳምንት ውስጥ ስለሆነ የአድራሻው ጉዳይ ራሱን የቻለ ጣጣ ነበር። እናቷ ዛሬም አታውቅም።

የሁለት ተማሪዎች አባት፦ ያሳዝናል። ግን አርማው ደረት ላይ ይሁን አይሁን አልተወሰነም።

የተማሪ እናት፦ ውስጠኛው ገበር ላይ ይጠለፍ። ሰጪውም ይታወቃል፣ ልጅቷም አትሸማቀቅም።

መሥራች አባል፦ ገበር ላይ የተደበቀ አርማ ማን ሊያየው? እንግዲያው የውስጥ ሱሪ ላይ ጥለፉት።

ሰብሳቢው፦ ጋሼ፣ እርስዎን የሚያህል ሰው እንዲህ አይናገርም። ላይፕዚግ ያለኸውም ልጅ፣ ታላቅን በቃለ ጉባኤ አይወጉም። ሁለታችሁም በቃችሁ።

መሥራች አባል፦ ይህን ማኅበር ስንመሠርት ከመካከላችሁ ግማሻችሁ ሱሪ መታጠቅ አታውቁም ነበር። ከዛሬ ጀምሮ የለሁበትም።

ገንዘብ ያዥ፦ የዚህ ዓመት መዋጮዎን ግን አልከፈሉም።

ድሬስደን ያለችው፦ ጥልፉን ጨርሳችሁ ስትመለሱ ስለ ደዋዮቹ ይነገር። ባለፈው የተመደበልኝ አባል በቅንነት ደወሉልኝ። «1.3 አገኘሁ» ስላቸው ዝም አሉ፤ ከዚያም «አይዞሽ፣ መውደቅ ያለ ነው፣ በርትተሽ ድገሚው» አሉኝ። በጀርመን 1.0 ከፍተኛው ውጤት ነው፤ ከ4.0 በላይ ያገኘ ነው የወደቀው። ማታውኑ ለአባቴ ደውለው አጽናንተዋቸዋል። አባቴን ለማስረዳት አንድ ሳምንት ፈጀብኝ። ደዋይ ከመመደቡ በፊት እንዲህ ያለው ነገር በአንድ ገጽ ይጻፍለት። የውጤቱ አሰጣጥ፣ የሥራ ፈቃዱ በዓመት 140 ሙሉ ቀን መሆኑ፣ እሑድ ሱቅ ዝግ መሆኑ፣ ለእያንዳንዱ ቤት በወር 18.36 ዩሮ የሚጠየቀው የሬዲዮና የቴሌቪዥን ክፍያ፣ ልጁ «አልፈልግም» ሲል ደጋግሞ መጠየቅ እንደሚገባ። የመጨረሻው ይበልጥ ይሰመርበት፤ እዚያ አንድ ጊዜ አልፈልግም ካልክ ሁለተኛ የሚጠይቅህ የለም፣ ተማሪውም ያንን ሲለምድ ነው ብቸኝነቱ የሚብሰው።

ኦዲተሩ፦ 140 ቀን መሥራት ከቻሉ ድጋፉ ለምን አስፈለገ?

ድሬስደን ያለችው፦ በመጀመሪያው ሴሚስተር ቋንቋውን እየሰበሩ ማን ይቀጥራቸዋል? ሥራው ሲገኝም ፈተናው ነው የሚወድቀው። ይህን ያነሣሁት እንዲቀነስ አልነበረም።

ኦዲተሩ፦ እኔ ጠየቅሁ እንጂ አልቀነስኩም። ግን ይመዝገብልኝ።

ጸሐፊዋ፦ ረቡዕ አልፏል። ፕሮፎርማው? የደዋዮቹ ዝርዝር?

ጸሐፊዋ፦ ዓርብ ነው። ፕሮፎርማው? ዝርዝሩ?

ወጣት አባል፦ አርማው በወርቃማ ክር ቢሆን ጥቁር ካፖርት ላይ ደምቆ ይወጣል።

ጡረተኛው መምህር፦ ልጁ በሕይወት አለ ማለት ነው።

መሥራች አባል፦ ወርቃማው ጥሩ ነው። ከማኅበሩ ለመውጣት ያልኩት በንዴት ነበር፤ ተመልሻለሁ። ገበር ላይ ከሆነም ይሁን፣ ግን ካፖርቱ በሥነ ሥርዓት ይሰጥ። ልጆቹ በተራ እየተጠሩ ወላጅ ፊት ይልበሱት፣ ፎቶ ይነሡ። ያኔ ማን እንደ ሰጠ የማያውቅ አይኖርም።

የሁለት ተማሪዎች አባት፦ እንደዚህ ከሆነ ተቃውሞዬን አንሥቻለሁ። አዳራሽ እኔ አፈላልጋለሁ።

የተማሪ እናት፦ ዝናብ የማያስገባው ይገዛ እንጂ እኔም ተስማምቻለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦ ሒሳቡን ሠርቻለሁ። ገበር ላይ መጥለፍ ካፖርቱን መፍታትና መልሶ መስፋት ስለሚጠይቅ ከደረቱ ይልቅ ይወደዳል። በሦስት ልክ ሲገዛ የጅምላ ቅናሹ ይቀራል። አዳራሽ፣ ፎቶግራፍ አንሺ፣ መስተንግዶ ሲጨመር ለስድስተኛው ወር ከተያዘው ገንዘብ ግማሹ ይሄዳል። መጠባበቂያውን ካልነካን በቀር መውጫ የለም።

ሰብሳቢው፦ መጠባበቂያው አይነካ። የስድስተኛው ወር ክፍያ ለሚቀጥለው በጀት ዓመት ይዞር።

ላይፕዚግ ያለው፦ የሚቀጥለው በጀት ዓመት ሲገባ እነዚህ ልጆች ዘጠነኛ ወራቸውን ጨርሰዋል።

ሰብሳቢው፦ ለሚቀጥሉት ይሆናል።

ኦዲተሩ፦ መጠባበቂያው አይነካ ከተባለ በሦስት ፊርማ ይወጣል የሚለውም ይሰረዝ። አይነካም ወይም ይወጣል፣ አንዱ ይጻፍ።

ጸሐፊዋ፦ አራተኛው ረቂቅ፦ ካፖርት በሦስት ልክ፣ አርማ በወርቃማ ክር ገበር ላይ፣ የርክክብ ሥነ ሥርዓት መስከረም አጋማሽ ላይ። የስድስተኛው ወር ክፍያ ለሚቀጥለው በጀት ዓመት ተላልፏል። መጠባበቂያው በምልዓተ ጉባኤ ብቻ ይወጣል፤ እኔ ተቃውሜያለሁ፣ ይመዝገብ። የደዋዮቹ ዝርዝር ላይ እስካሁን ሦስት ስም አለ፤ እኔ፣ ገንዘብ ያዥና ድሬስደን ያለችው። እሷ ራሷ ተማሪ ናት። ሌላ የሚደውል ካለ ዛሬ ማታ ይጻፍልኝ።

የሁለት ተማሪዎች አባት፦ ለአዳራሹ ቀብድ ይፈልጋሉ። ማን ይከፍላል?

መሥራች አባል፦ ጥልፉ በእጅ ነው ወይስ በማሽን?