አንዴ የተጠቀምኩበትን የእሳት ማጥፊያ መልሼ ልስቀለው?

ጠያቂ፣ ፍኖተ ሰላም
ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ምግብ ቤት አለችኝ። ባለፈው ዓርብ ሳምቡሳ እየጠበስን ዘይቱ ተቀጣጠለ። ሠራተኛዬ ጆግ ሙሉ ውሃ ይዛ ስትሮጥ እጇን ያዝኳት። ግድግዳው ላይ ያለውን ባለ 6 ኪሎ ቀይ የዱቄት ማጥፊያ አውርጄ ቀለበቱን ነቀልኩና ተጫንኩት። ወዲያው ጠፋ። ደቂቃ ሳይቆይ ግን መልሶ ነደደ! ደግሜ ረጨሁበት።

አሁን ሳነሳው ገና ይከብዳል። የግፊት መለኪያው (የጌጁ) ቀስት ግን ከአረንጓዴው ወርዶ ቀዩ ላይ ነው። ለምን መልሶ ነደደ? እንዳለ ልስቀለው ወይስ ላስሞላው? ዱቄቱ የነካው ምግብስ ይበላል?

መምህር፣ ደብረ ማርቆስ
እንኳን እግዚአብሔር አተረፋችሁ። ኬሚስትሪ ስለማስተምር የመጀመሪያውን እኔ ልመልስ።

እሳት ሙቀት፣ የሚነድ ነገርና ኦክስጅን ይፈልጋል። ነበልባሉ ውስጥ ደግሞ ቃጠሎውን የሚያስቀጥል የኬሚካል ሰንሰለት አለ። ዱቄቱ ያንን ሰንሰለት ይበጥሳል፤ ለዚህ ነው በቅጽበት የጠፋው። ዘይቱን ግን አያቀዘቅዘውም። የሚነድ ዘይት ከ300 ዲግሪ በላይ ይግላል፤ አየር ሲያገኝ ክብሪት እንኳ ሳይነካው ይነሳል። ጋዙን ዘግተሽው ነበር?

ውሃውን ማስቆምሽ ትልቅ ነገር ነው። ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ መጥበሻው ሥር ይገባና እዚያው እንፋሎት ይሆናል። አንድ ሊትር ውሃ 1,700 ሊትር ገደማ እንፋሎት ይወጣዋል። የሚነደውን ዘይት ይዞት ነው ወደ ጣራ የሚነሳው።

ጠያቂ
ጋዙን የዘጋሁት ሁለተኛ ከነደደ በኋላ ነው። ደንግጬ ነበር።

የቀድሞ እሳት አደጋ ሠራተኛ፣ ባሕር ዳር
አይዞሽ እህቴ፣ ማን የማይደነግጥ አለ። እጅሽ ከደረሰ ጋዙ ይቅደም። እሳቱ ከመጥበሻው ሳይወጣ ከሆነ ደግሞ ክዳኑን ከጎን አንሸራተሽ ክደኚው። እስኪበርድ ድረስ «እስቲ ልየው» ብለሽ አትክፈቺ። መጥበሻውን ይዞ ወደ ውጭ መሮጥ ፈጽሞ አይሆንም። ብዙ ሰው የሚቃጠለው እንደዚያ ነው።

ማጥፊያውን እንዳለ አትስቀዪው። ዱቄቱን ገፍቶ የሚያወጣው አብሮት የታመቀው ጋዝ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ናይትሮጅን። ቀስቱ ቀይ ላይ ከሆነ የሚገፋው ኃይል የለም፤ ክብደቱ አያታልልሽ። ለአፍታ ብቻ ቢረጭ እንኳ የዱቄት ቅንጣት ቫልቩ ላይ ይቀርና ጋዙ ቀስ እያለ ይወጣል። ስለዚህ ይሞላ።

6 ኪሎው የሚቆየው 15 ወይም 20 ሰከንድ ያህል ነው። ከ2 እስከ 3 ሜትር ርቀሽ፣ መውጫው በር ከኋላሽ ሆኖ፣ የእሳቱን ሥር እያጠረግሽ ርጪ። ቀርበሽ ከረጨሽ ግፊቱ ራሱ ዘይቱን ይበትነዋል።

ነጋዴ፣ ደንበጫ
እኔ ዱቄቱ ዕቃ ያበላሻል ብዬ የካርቦን ዳይኦክሳይዱን ገዛሁ። እሱ አይሻላትም?

የቀድሞ እሳት አደጋ ሠራተኛ፣ ባሕር ዳር
ለኮምፒውተርና ለመብራት ሳጥን ጥሩ ነው፤ ምንም አይተውም። ለመጥበሻ ግን አልመክርም፤ ዘይቱን ሊረጨው ይችላል፣ በቂም አያቀዘቅዝም። ጠባብ ክፍል ውስጥ ደግሞ ትንፋሽ ያሳጥራል። ጋዙ የሚወጣበትን ቀንድ መሳይ አፍም በባዶ እጅ አትያዝ፤ የሚወጣው በረዶ ከዜሮ በታች 78 ዲግሪ ነው።

ለጥብስ ቤት የተሠራው ፈሳሽ ኬሚካል ያለበት ነው። የዘይቱን ገጽ ወደ ሳሙና አረፋ ይለውጠዋል፣ ያቀዘቅዘዋልም። ማጥፊያው ላይ «ኤፍ» ወይም «ኬ» የሚል ፊደል ፈልጊ።

ልጅ፣ ቡሬ
እናቴ አረቄ ታወጣለች። ለእሷ የትኛው ይሁን?

መምህር፣ ደብረ ማርቆስ
አረቄ የሚነድ ፈሳሽ ስለሆነ «ቢ» የተጻፈበት ዱቄት ይሆናል። አንድ ነገር ግን አደራ። የአልኮል ነበልባል ፈዛዛ ሰማያዊ ነው፤ በቀን ብርሃን ሳይታይ ሊቀር ይችላል። የወጣውን አረቄ ከምድጃው አርቃ ታስቀምጥ።

ምግብ አብሳይ፣ ዳንግላ
የምግቡን ማንም አልመለሰልሽም። ዱቄት የነካውን ሁሉ ድፊው፣ ዘይቱንም ጭምር። ቢያሳዝንም አይበላም። ዕቃውን መጀመሪያ በደረቅ ጨርቅ ጥረጊ፣ ከዚያ በሞቀ ውሃና በሳሙና እጠቢ። ዱቄቱ እርጥበት ካገኘ ብረት ይበላል፤ የምድጃውን ቀዳዳ እንዳትረሺ።

ጠያቂ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሲሊንደሩን ነገ ለማስሞላት እልከዋለሁ። የተሰቀለውም ከምድጃው በላይ ነበር፤ እሳቱን ተሻግሬ ነው ያወረድኩት። አሁን ሚስማሩን በሩ አጠገብ መታሁት።