አዲስ ዴሞክራሲ ውስጥ ሕዝብ ይመን ወይስ ይጠርጥር?

አወያይ፦ የዛሬው ጥያቄ ይሄ ነው። ዴሞክራሲ ገና ሥር ባልሰደደበት አገር ሕዝቡ ፖለቲከኞቹንና ተቋማቱን ማመን አለበት ወይስ መጠርጠር? ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጅ ይሁን፣ እንዳንምታታ። ስድብ የለም።

ነገር ፈላጊ፦ መጠርጠር! ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ቱኒዚያን እዩ። በ2019 ካይስ ሰዒድን ከ70 በመቶ በላይ ድምፅ ሰጥተው ፕሬዚዳንት አድርገው መረጡት። በጁላይ 2021 ፓርላማውን ሲያግድ ደግሞ ብዙ ሰው አደባባይ ወጥቶ ጨፈረ። በ2022 መጨረሻ ለፓርላማ ምርጫ ተጠሩ፣ የወጣው መራጭ 11 በመቶ ገደማ። ያመነ ሕዝብ የት እንደደረሰ ይኸው።

የሰኔዋ፦ ግማሹን ትተህ ነው የነገርከን። ሰውየውን ያመኑት እኮ ፓርላማውንም ፓርቲዎቹንም ስላላመኑ ነው! ከ2011ዱ አብዮት በኋላ መንግሥት በላይ በላዩ ሲቀያየር ሥራ አጥነቱ ንቅንቅ አላለም። ሰው ተቋም ሲያስጠላው አዳኝ ይፈልጋል።

ነገር ፈላጊ፦ እሺ፣ እሱን ልቀበልሽ። ግን ጥርጣሬ ይቅር አላልሽም።

ጡረተኛው፦ ልጆች፣ ሁለቱን አታጣሏቸው። ማላዊን ላስታውሳችሁ። በ2019 ፕሬዚዳንት ሙታሪካ 38 በመቶ ከምናምን አግኝተው አሸነፉ ተባለ። የውጤት ቅጾቹ ሲታዩ ግን ቁጥር በፍሉድ ጠፍቶ በላዩ ሌላ ተጽፏል። ሕዝቡ ለወራት ሰልፍ ወጣ። ሰልፍ ብቻ ቢሆን ኖሮ መጨረሻውን እናውቀው ነበር፣ ጉዳዩ ግን ፍርድ ቤትም ገብቶ ነበር። ፌብሩዋሪ 3 ቀን 2020 አምስቱ ዳኞች ጥይት የማይበሳው ሰደርያ ለብሰው፣ በወታደር ታጅበው መጡና ምርጫውን ሰረዙት። ፍርዱን አንብቦ ለመጨረስ አሥር ሰዓት ገደማ ፈጀ (እኔ ብሆን እንቅልፍ ይጥለኝ ነበር)። በጁን ተደገመና ተቃዋሚው ቻክዌራ አሸነፉ። ብዙ ሰው ታሪኩን እዚህ ያቆማል። እኔ አላቆምም። ኑሮ ተወደደ፣ ነዳጅ ጠፋ፣ በ2025 ሕዝቡ ቻክዌራን አውርዶ ያንኑ ሙታሪካን መልሶ አመጣ። ቻክዌራም ይፋዊው ውጤት ሳይነገር ሽንፈታቸውን ተቀበሉ። እንግዲህ ሕዝቡ ማንን አመነ ትላላችሁ? ሁለቱንም አላመነም ባይ ነኝ። ቆጠራውን ነው ያመነው።

ነገር ፈላጊ፦ ጋሼ፣ ኬንያንስ የት ጣሏት? በሴፕቴምበር 2017 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ምርጫውን ሰረዘ ተብሎ ዓለም አጨበጨበ። በኦክቶበር ሲደገም ተቃዋሚው እጩ ኦዲንጋ የምርጫ ኮሚሽኑ ሳይስተካከል አልወዳደርም ብለው ወጡ፣ የመራጩም ቁጥር ወደ 39 በመቶ አሽቆለቆለ። ዳኛ ብቻውን እምነት አይወልድም።

የሰኔዋ፦ ልክ ነህ፣ ግን ቀጥሎ ያደረጉትን እይ። በ2022 ከ46 ሺህ በላይ ከሆኑት የምርጫ ጣቢያዎች የመጣው የውጤት ቅጽ ፎቶው ኢንተርኔት ላይ ተለቀቀ። ስልክ ያለው ሁሉ ከፍቶ መደመር ይችል ነበር። ጋዜጠኞቹ ሲደምሩ አደሩ። ከሰባቱ ኮሚሽነሮች አራቱ ውጤቱን አንቀበልም ሲሉ እንኳ ነገሩ ፍርድ ቤት ሄዶ እዚያው አለቀ። ኮሚሽነሮቹ ቢጣሉም ቅጹ ሁሉም እጅ ላይ ነበራ።

ፋይሌ የት ገባ፦ ስለ ምርጫ ብቻ ታወራላችሁ። ምርጫ በአራት አምስት ዓመት አንዴ ነው። እኔ መንግሥትን የማገኘው መስኮት ላይ ነው፣ "ፋይልህ አልተገኘም፣ ነገ ና" ሲለኝ።

የሰኔዋ፦ ይሄም እውነት ነው። ጆርጂያ ከ2003ቱ አብዮት በኋላ ጉቦኛ የትራፊክ ፖሊሶቿን በአንዴ አባርራ በአዲስ ተካች፣ ሕዝቡም ፖሊስ ማመን ጀመረ። ያው መንግሥት ግን በ2012 እስረኛ ሲደበደብ የሚያሳይ ቪዲዮ ወጣበትና ከሳምንታት በኋላ በምርጫ ተሸነፈ። ለዓመታት የሰበሰቡት እምነት እንዲህ ነው የሚሄደው።

ታዛቢዋ፦ እኔ አንዴ የፓርቲ ወኪል ሆኜ ቆጠራ ላይ አድሬያለሁ። ኃላፊዋ እያንዳንዱን ወረቀት ወደ መብራቱ ከፍ አድርጋ ታሳየናለች። አንዱ ላይ ምልክቱ ከሳጥኑ ትንሽ ወጥቷል። ሃያ ደቂቃ ተጨቃጨቅን። ለአንድ ወረቀት! የተቃራኒው ፓርቲ ወኪል ጉሮሮው እስኪደርቅ ጮኸ፣ እኔም አላነስኩም። በመጨረሻ ቅጹ ላይ ሁላችንም ፈረምን፣ አንዱ ኮፒ በሩ ላይ ተለጠፈ። እኛ ተሸነፍን። ደሜ ፈልቶ ነበር፣ ግን ቁጥሩ ትክክል እንደሆነ አውቃለሁ፣ ቆጥሬዋለሁ። እዚያ ክፍል ውስጥ ማንም ማንንም አላመነም። ለዚህ ነው ወረቀቱን ያመንነው።

ነገር ፈላጊ፦ ወረቀቱ በሩ ላይ ባይለጠፍስ?

ታዛቢዋ፦ ያኔማ ካንተ ጋር ነኝ፣ አልፈርምም ነበር።