የሕዋሳትን ጉዳት በኤሌክትሪክ ስለመለካት፦ ንባቡ ለምን አይረጋም?

ጥያቄ

በኤሌክትሪክ ልኬት የሕዋሳትን መጎዳት መለየት ይቻል እንደሆነ ለማየት በጥሬ ድንች ላይ እየሞከርኩ ነው። ሁለት የብረት መርፌዎችን በሁለት ሳንቲሜትር ርቀት ሰክቼ የኤሌክትሪክ መቋቋሙን በመልቲሜትር ስለካ ንባቡ አይረጋም፤ እያየሁት ቀስ እያለ ይወጣል፣ ገመዶቹን ሳቀያይርም ሌላ ቁጥር ይሰጠኛል። በረዶ ሆኖ ከቀለጠ ድንች ላይ ግን ንባቡ በጣም ዝቅ ይላል። ይህን ልዩነት የሕዋሳት ጉዳት ማስረጃ አድርጌ መውሰድ እችላለሁ?

መልስ 1

ልዩነቱ የሕዋሳት ጉዳት ያመጣው ነው የሚለው ግምትዎ ትክክል ነው፤ ንባቡ የማይረጋው ግን በመለኪያው ምክንያት ነው። መልቲሜትር የሚልከው ጅረት አቅጣጫውን ስለማይቀይር ብረቱና የድንቹ ፈሳሽ በሚገናኙበት ቦታ ቻርጅ ይጠራቀማል፤ ስለዚህ የሚያነቡት የድንቹን ብቻ ሳይሆን የመርፌዎቹንም ጠባይ ነው።

ሕዋስን ጨዋማ ፈሳሽ የያዘ፣ በጨዋማ ፈሳሽም የተከበበ ከረጢት አድርገው ያስቡት። ሽፋኑ ስብ ነክ በመሆኑ ጅረት በቀላሉ አያሳልፍም፤ ነገር ግን እጅግ ስስ ስለሆነ በሁለት ወገኑ ካሉት ፈሳሾች ጋር ሆኖ እንደ ካፓሲተር (የኤሌክትሪክ ቻርጅ እንደሚያጠራቅም ዕቃ) ይሠራል፣ ቻርጅ የመያዝ አቅሙም በአንድ ካሬ ሳንቲሜትር ወደ 1 ማይክሮፋራድ ይጠጋል። በዝቅተኛ ድግግሞሽ፣ ማለትም ጅረቱ አቅጣጫውን በዝግታ ሲቀያይር፣ በሕዋሳቱ መካከል ባለው ጠባብ መንገድ እየተሽሎከለከ ያልፋል፤ በከፍተኛ ድግግሞሽ፣ በፍጥነት ሲቀያይር፣ ግን ሽፋኑን ተሻግሮ በውስጣቸው ይሄዳል። ሳይንቲስቱ ሁጎ ፍሪክ እ.ኤ.አ. በ1925 የሽፋኑን ውፍረት ወደ 3.3 ናኖሜትር የገመተው የቀይ ደም ሕዋሳትን በዚህ መንገድ ለክቶ ነው፤ የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ገና ባልተሠራበት ዘመን እዚህ መድረሱ እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል።

ስለዚህ ተለዋዋጭ (አቅጣጫውን የሚቀያይር) ጅረት ይጠቀሙ፤ መርፌዎቹንም አራት ያድርጓቸው። በውጪዎቹ ሁለት ጅረት ይላኩ፣ በመካከለኞቹ ሁለት ቮልቴጅ ይለኩ፤ በመካከለኞቹ ጅረት አያልፍም ማለት ስለሚቻል የመርፌዎቹ ተጽዕኖ ከንባቡ ይወጣል። ከዚያም በ5 ኪሎኸርዝ ያገኙትን ኢምፔዳንስ (ለተለዋዋጭ ጅረት ያለውን መቋቋም) በ1 ሜጋኸርዝ ላገኙት ያካፍሉት። ሽፋኖቹ ደህና ከሆኑ ውጤቱ ከ1 በብዙ ይበልጣል፤ ከተቀደዱ ወደ 1 ይጠጋል።

መልስ 2

ከላይ በተሰጠው ማብራሪያ እስማማለሁ፤ ሆኖም ወደ እንስሳ ቲሹ ሲሻገሩ አንድ ነገር እንዳያሳስትዎ እሰጋለሁ። ደም የተቋረጠበት ቲሹ ሕዋሳቱ ስለሚያብጡና በመካከላቸው ያለው መንገድ ስለሚጠብ በዝቅተኛ ድግግሞሽ ያለው ንባብ መጀመሪያ ይጨምራል፤ የሚወርደው በኋላ ሽፋኖቹ ሲበጣጠሱ ነው። ስለዚህ አንድ ዓይነት ቁጥር አንድ ጊዜ ሲወጣ፣ ሌላ ጊዜ ሲወርድ ሊገኝ ይችላል፤ ከአንድ ንባብ ይልቅ በየጊዜው የተወሰዱ ተከታታይ ንባቦች ይታመናሉ። ሙቀቱንም አብረው ይመዝግቡ፤ በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ልዩነት የፈሳሹ ጅረት የማስተላለፍ ችሎታ 2 በመቶ ያህል ይለወጣል። ጡንቻ ከሆነ ደግሞ መርፌዎቹን ሁልጊዜ ከጭረቱ (ከጡንቻው ክሮች) አንጻር በአንድ አቅጣጫ ይስኩ፤ በጭረቱ ርዝመትና በአግድሙ የሚገኙት ንባቦች ይለያያሉ።

ጠያቂው

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በአራት መርፌዎች ስለካ ንባቡ ረግቷል። ጥሬውንና ከበረዶ የቀለጠውን በአንድ የሙቀት መጠን አስቀምጬ ሳወዳድር በ1 ሜጋኸርዝ የሁለቱ ቁጥር ተቀራራቢ ነው፤ የሚራራቁት በ5 ኪሎኸርዝ ነው። የቀለጠውን በጣቴ ስጫነው ውኃው ወዲያው ይወጣል፣ ከጥሬው ግን ምንም አይወጣም።