«ራዲዮ የሙዚየም ዕቃ ነው» ይባላል እንዴ?

ባለሶላሩ፦
ትናንት የድንገተኛ አደጋ ዝግጁነት ስልጠና ላይ ነበርኩ። በእጄ የሠራሁትን ሳጥን ይዤ ሄድኩ። 10 ዋት ሶላር፣ ባትሪ፣ የስልክ መሙያ፣ ትንሽ ራዲዮ፣ ሁሉም በአንድ እጅ የሚያዝ። አሰልጣኙ ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየውና «ቻርጀሩ ጥሩ ነው፣ ራዲዮው ግን የሙዚየም ዕቃ ነው፣ አውጣውና ፓወር ባንክ ክተትበት» አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ እስካሁን አልሳቅኩም።

ቁጥር አይዋሽም፦
አትቀየመኝ፣ ሰውየው ልክ ነው። ስልክ ውስጥ ካርታ አለ፣ መብራት አለ፣ ቤተሰብህ ይደውልልሃል። ራዲዮ ብትጠራው አይመልስልህም። ኖርዌይ እኮ እ.ኤ.አ. በ2017 ብሔራዊ የኤፍኤም ስርጭቷን ዘግታለች። ከዚህ በላይ ምን ሙዚየም አለ?

የማታ አድማጭ፦
ልጄ፣ ኖርዌይ ኤፍኤሙን የዘጋችው በዲጂታል ራዲዮ ተክታ ነው። ራዲዮን በራዲዮ ቀየረች። ሙዚየም የገባ የለም። «ቤተሰብህ ይደውልልሃል» ያልከው ደግሞ በየትኛው ኔትወርክ ነው? በዚያው በ2017 ማሪያ የተባለው አውሎ ነፋስ ፖርቶ ሪኮን ሲመታ ከ90 በመቶ በላይ የሞባይል ማማዎች ከሥራ ውጪ ሆኑ። ዋፓ የሚባለው የኤኤም ጣቢያ ግን አየር ላይ ቆየ።

ቁጥር አይዋሽም፦
ጋሼ፣ በአክብሮት፣ እሱ አንድ ደሴት ነው። እርስዎ በዚያ አንድ ነገር ስለ ዓለም ሁሉ ይከራከራሉ። ከ2022 ወዲህ ያለ ማማ በሳተላይት የድረሱልኝ መልእክት የሚልኩ ስልኮች አሉ።

የማታ አድማጭ፦
ድረሱልኝ ትላለህ፣ እሺ። የትኛው ድልድይ እንደተሰበረ፣ ውሃው መቼ እንደሚመጣ ማን ይነግርሃል? ደሴት ካልወደድክ ስፔንና ፖርቱጋልን ውሰድ። ኤፕሪል 28 ቀን 2025 ከዳር እስከ ዳር መብራት ሲጠፋ ሰው በባትሪ የሚሠራ ራዲዮ ፍለጋ ሱቅ ደጃፍ ተሰለፈ። ሙዚየም ደጃፍ አልተሰለፈም።

ባለሶላሩ፦
ይቺን ለአሰልጣኙ እልክለታለሁ።

ቁጥር አይዋሽም፦
ታሪኩ ይቅርና ሒሳብ እናውራ። 10 ዋት የምትላት ፓኔል 10 ዋት አትሰጥህም። ያ ቁጥር የተለካው በካሬ ሜትር 1000 ዋት ብርሃን፣ ሴሉ 25 ዲግሪ ላይ ሆኖ ነው። ፀሐይ ላይ የዋለ ፓኔል ከዚያ በላይ ይግላል፣ ሲግል ደግሞ ይሰንፋል። አንዱ ጥግ ላይ ጥላ ካረፈበትማ ተወው። ባትሪው 5000 ሚሊአምፔር-ሰዓት የሆነ ስልክ ወደ 19 ዋት-ሰዓት ኃይል ይይዛል፣ በመንገድ የሚባክነውን ስትጨምርበት 25 በለው። አራት ሰዓት ደህና ፀሐይ ብታገኝ ለአንድ ስልክ ይበቃሃል፣ በቃ። ከዚህችው ለራዲዮ ልታካፍል ነው?

ባለሶላሩ፦
አፍህ ቁርጥ ይበልልኝ። የኔ ራዲዮ ሩብ ዋት ነው የምትበላው። 24 ሰዓት ሳላጠፋት ብተዋት 6 ዋት-ሰዓት። አንተ አንድ ስልክ በሞላህበት እኔ አራት ቀን ወሬ እሰማለሁ። ስልክህ ደግሞ ማማ ሲያጣ ዝም ብሎ አይተኛም፣ ማማ ፍለጋ ባትሪውን ይጨርሳል።

ጥያቄ አለኝ፦
ይቅርታ፣ መሃል ልግባ። እኔም እንደዚህ ዓይነት ሠርቼ ነበር። ሶላሩን ስሰካ ራዲዮው ዝዝዝ ይላል እንጂ ሰው አይሰማም። ኤፍኤም ላይ ይሻላል፣ ኤኤምና አጭር ሞገድ ላይ ግን ተስፋ የለውም። ራዲዮው ነው የተበላሸው?

ባለሶላሩ፦
አልተበላሸም እህቴ። ቻርጅ የሚቆጣጠረው ሰርኪት ነው የሚረብሽሽ። በሴኮንድ ብዙ ሺህ ጊዜ ሲያበራና ሲያጠፋ ገመዱ ራሱ አንቴና ይሆንበታል። ስትሰሚ ፓኔሉን ንቀይው፣ ራዲዮውንም ከሳጥኑ አርቂው። ገመዱን በፌራይት ቀለበት፣ ማለትም እንዲህ ያለውን ረብሻ በሚያፍን ጥቁር ቀለበት፣ ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ብትጠመጥሚውም ይረዳል።

ቁጥር አይዋሽም፦
አያችሁ? የገዛ ቻርጀሩ ራዲዮውን ያደነቁረዋል! ሙዚየም ውስጥ ያለ ዕቃ ቢያንስ አይጮህም።

የማታ አድማጭ፦
አንተ ልጅ ሙዚየም ገብተህ ታውቃለህ ግን?

ብየዳ ቤት፦
ራዲዮውን ተዉትና ባትሪው ምንድነው?

ባለሶላሩ፦
12 ቮልት፣ 7 አምፔር-ሰዓት፣ የታሸገ የሊድ አሲድ ባትሪ፣ እንደ መኪና ባትሪ ያለ።

ብየዳ ቤት፦
ሊድ! እንግዲህ የሙዚየም ዕቃው ተገኘ። 84 ዋት-ሰዓት ተብሎ ተጽፎበት ዕድሜው እንዳያጥር ግማሹን ብቻ ነው የምትጠቀመው። ከ2 ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ ይሄን ይዘህ ልትሸሽ? ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለውን የሊቲየም ባትሪ አድርግበት፣ ክብደቱ ቀላል ነው፣ ከ2000 ጊዜ በላይ ይሞላል።

ባለሶላሩ፦
ያንተው ሊቲየም ከዜሮ ዲግሪ በታች ቻርጅ ሲደረግ ይጎዳል። ሊድ በብርድ ቀስ ይላል እንጂ አይሞትም። አደጋ ሞቃት ቀን ጠብቆ ነው እንዴ የሚመጣው?

ብየዳ ቤት፦
እሺ። ከባትሪው ፖዘቲቭ ቀጥሎ ስንት አምፔር ፊውዝ አደረግክ?

ብየዳ ቤት፦
ባለሶላሩ?

ባለሶላሩ፦
ፊውዙን ሳምንት ላስገባ ነበር።

ቁጥር አይዋሽም፦
ሃሃሃሃ! ለአደጋ ጊዜ የተሠራ ሳጥን፣ ራሱ አደጋ። አሰልጣኙ ራዲዮውን ብቻ መናገሩ አዝኖልህ ነው።

ባለሶላሩ፦
ክርክሩ ስለ ራዲዮ ነበር።

ብየዳ ቤት፦
ሁለቱ ገመዶች ቦርሳ ውስጥ ቢነካኩ ስለ ምን እንደነበር አታስታውስም።

የማታ አድማጭ፦
ፊውዝ ስለረሳ ራዲዮ ጥፋተኛ ሆነ? ጉድ እኮ ነው።

ጥያቄ አለኝ፦
ፓኔሉን ነቅዬ ሞከርኩት፣ ጥርት ብሎ ገባ! እግር ኳስ እያስተላለፉ ነው።

ቁጥር አይዋሽም፦
ይኸው የአደጋ ጊዜ መረጃችሁ።

የማታ አድማጭ፦
ስንት ለስንት ናቸው?