ጥቆማ እፈልጋለሁ፦ የጓሮ ዕቃዬን ከቨርጂኒያ ወደ አዲስ አበባ ልጫን ወይስ ልተው?

የጓሮዋ እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። አሌክሳንድሪያ 22 ዓመት ከኖርን በኋላ እኔና ባለቤቴ በመስከረም ጠቅልለን አገራችን ልንገባ ነው። አያት ሠፈር ያለው ቤታችን ለዓመታት በተከራይ እጅ ስለ ቆየ ግቢውን ሰርዶ ውጦታል። እኔ ደግሞ ጠዋት ከቡና በፊት እጄ አፈር ካልነካ ቀኑ የነጋ አይመስለኝም።

ያለኝ ዕቃ ይህ ነው፦ በቤንዚን የምትሠራ ሣር ማጨጃ፣ ባለ 56 ቮልት ባትሪ የአጥር ተክል መከርከሚያ ከነቻርጀሩ፣ ሁለት ረጃጅም የውሃ ጎማ፣ ፌልኮ መግረዣ መቀስ፣ አካፋ፣ ባለ አራት ጣት መቆፈሪያ መንሽ፣ ካሪዮላ። የትኛው መጫን አለበት? የትኛውስ እዚሁ ይሸጥ? ስለ መላኪያውም ሦስት መንገድ ተነግሮኛል፤ ከሌሎች ጋር ኮንቴይነር ተጋርቶ በባሕር፣ በአውሮፕላን ጭነት፣ ወይም ከሻንጣ ጋር። የሰማችሁትን ሳይሆን ያያችሁትን ብትነግሩኝ ውለታችሁን አልረሳም።

የኮተቤ ልጅ፦
አካፋ ከአሜሪካ? መርካቶ ውስጥ አካፋና ዶማ ጠፋ ያለሽ ማን ነው? ምናለሽ ተራ ብትሄጂ ከመኪና ባሌስትራ የተቀጠቀጠ ዶማ ዓይንሽ እያየ እጀታ ይገባለታል። መርከቡ ካሪዮላሽን እየገፋ ጅቡቲ እስኪደርስ እዚህ አንድ መደብ ጎመን ዘርተሽ ቀጥፈሽ ትበያለሽ። ሸጠሽ ገንዘቡን ይዘሽ ነይ።

ቀይ እጀታ፦
በአካፋው ከኮተቤው ጋር ነኝ፤ በመቀሱ ግን ማንንም አልሰማም። ፌልኮ 2 ክብደቱ ሩብ ኪሎ አይሞላም፣ ስለቱ ሲያረጅ ስለቱን ብቻ፣ ሞላው ሲደክም ሞላውን ብቻ ትቀይሪለታለሽ። የስዊስ ሥራ ነው። የእኔን በ2009 እ.ኤ.አ. ገዛሁት፤ ሁለት ጊዜ ስለት፣ አንድ ጊዜ ሞላ ቀይሬለታለሁ፤ ጽጌረዳውን ዛሬም እንደ ቅቤ ይቆርጠዋል። ስትሄጂ ሁለት ትርፍ ስለትና ሦስት ሞላ ገዝተሽ ያዢ። እህቴ በግማሽ ዋጋ የገዛችው የሌላ ፋብሪካ መቀስ ሰባት ዓመት እንደ ሠራላት አልክድም። ቢሆንም የእኔ እጅ ሌላ አይዝም።

ሚካኤል ሠፈር፦
እህቴ፣ የመቀሱ ነገር ይቆይ። ምን ዕቃ ብለሽ ከማሰብሽ በፊት በማን እጅ ብለሽ አስቢ። እኔ ባለፈው ዓመት ከሜሪላንድ በጋራ ኮንቴይነር 14 ካርቶንና አንድ ሣር ማጨጃ ላክሁ። በ70 ቀን ሞጆ ይገባል ተባልሁ፤ ሰባት ወር ፈጀ። ላኪዎቹ በዝርዝሩ ላይ «የቤት ዕቃ» ብለው ብቻ ጻፉ፤ እኔም አምኜ ፈረምሁ። በጋራ ኮንቴይነር የአንዱ ሰው ወረቀት ከጎደለ የሁሉም ዕቃ አብሮ እንደሚቆም ማንም አልነገረኝም። መጀመሪያ የእኔ ዝርዝር ጎደለና ሌሎች ቤተሰቦች በእኔ ምክንያት ጠበቁ፤ የእኔ ሲሟላ የሌላ ሰው ጎደለና እኔ ጠበቅሁ። የመጋዘኑ ኪራይ ግን ማንንም አይጠብቅም፣ በየቀኑ ይቆጥራል።

በመጨረሻ ካርቶኖቹ ደጄ ላይ ሲራገፉ ሳልከፍታቸው ሽታው ደረሰኝ። «ቤንዚኑን እኛ እንቀዳዋለን» ብለው ማጨጃዋን የተቀበሉኝ ሰዎች አልቀዱትም ነበር። በታንከሩ የቀረው ጠብ ጠብ እያለ ከሥሩ ያለውን ካርቶን አርሶታል። በዚያ ካርቶን ውስጥ ልጄ በአራት ዓመቷ በሰም ቀለም የሣለቻቸው ሥዕሎች ነበሩ። ቤንዚን ሰም ያሟሟል። አንዱን ወረቀት ከሌላው ስላቅቅ ፀሐይዋ ከቤቱ ጣሪያ ጋር ተቀላቅላ፣ ቢጫና ቀይ ሆና ጣቴ ላይ ቀረች። አባቴ ከደሴ ስወጣ የሰጠኝ ማጭድም ከነመጠቅለያው የለም። ስለ ገንዘቡ ዛሬ አላስብም። ስለ ማጭዱ ግን አስባለሁ።

ወለላ፦
አይዞህ ወንድሜ። የአባት ዕቃ ምትክ የለውም። ግን የድርጅቱን ስም ብትነግረን ሌላው አይወድቅም ነበር።

ሚካኤል ሠፈር፦
ጉዳዩ በሕግ ተይዟል፤ እስኪያልቅ ስም አልጠራም። የምላችሁ ይህን ነው፦ ዝርዝሩን ራሳችሁ ጻፉ። «መንሽ አንድ፣ ያገለገለ፤ የውሃ ጎማ ሁለት፣ ያገለገለ» ብላችሁ ዕቃ በዕቃ ከነግምቱ። እያንዳንዱን ካርቶን ከመታሸጉ በፊትና ከታሸገ በኋላ ፎቶግራፍ አንሡ።

የሲልቨር ስፕሪንግ ደንበኛ፦
ሁሉም ላኪ እንደዚያ አይደለም። እኔ ዘጠኝ ዓመት በአንድ ሰው ነው የምልከው። ሁለት ጊዜ ዘግይቶብኛል፣ አንድ ጊዜ ቴሌቪዥን ተሰብሮብኛል፤ ሆኖም ታማኝ ሰው ነው። የጓሮዋ እናት፣ ስልኩን በውስጥ ልላክልሽ።

የኮተቤ ልጅ፦
ሁለት ጊዜ አዘግይቶ፣ አንድ ጊዜ ሰብሮ ታማኝ ከተባለ፣ ሰውየው ምን ቢያደርግ ነው የምትቀየመው?

የሲልቨር ስፕሪንግ ደንበኛ፦
ቴሌቪዥኑን ሳልጠይቀው ከፍሎኛል። እናቴ ያረፈች ጊዜ ደግሞ አዲስ አበባ ያለው ወንድሙ ለቅሶ ደርሶ ድንኳን አቁሟል። አንተ ዋጋ አወዳድር፤ እኔ ሰውየውን አውቀዋለሁ።

ወለላ፦
እኔም በዚሁ ልጠይቅ፤ ውሻ ይዞ ለመግባት ምን ያስፈልጋል? ትልቅ ውሻ ናት፣ አሥር ዓመቷ ነው።

ገበሬ ነበርሁ፦
የውሻውን የሚያውቅ ይመልስልሽ፤ እኔ ስለ ሰርዶው ልናገር። በመስከረም ስትገቢ መሬቱ ርጥብ ነው፤ ቶሎ ብለሽ እንዳትቆፍሪው። ሰርዶ ተቆርጦ ርጥብ አፈር ላይ የወደቀ እንደ ሆነ እያንዳንዱ ቁራጭ ሥር ያወጣል። ኅዳርና ታኅሣሥ ፀሐይ ሲጠና አፈሩን በመንሽ ገልብጪና ሥሩን ሳትበጥሺ እየሳብሽ አውጪ፤ ለፀሐይ አስጪው፤ ሲደርቅ ሰብስቢና አቃጥዪው። አካፋና ዶማ ይቆራርጡታል፤ መንሽ ነው ሳይቆርጥ የሚያወጣው። ስለዚህ ያንን ባለ አራት ጣት ጥለሽው እንዳትመጪ።

የጓሮዋ እናት፦
ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይህን ማንም አልነገረኝም ነበር። ሚካኤል ሠፈር፣ የልጅህን ሥዕል ነገር አንብቤ አለቀስሁ። የእኔም ማጨጃ ጋራዥ ውስጥ ከነቤንዚኗ ቆማለች።

ትንንሽ ሞተር፦
ስለ ማጨጃዋ እስካሁን በቀጥታ የመለሰልዎ የለም። አዲስ አበባ የዚህ ዓይነት ሞተር መጠገን እንጀራዬ ነው፤ ከአሜሪካ የመጣ ማጨጃ በየክረምቱ እጄ ይገባል። «እዚያ ደኅና ነበረች፣ እዚህ ጥቁር ጭስ ታወጣለች፣ ትንሽ ሠርታ ትጠፋለች» ይሉኛል። ሞተሯ አልታመመችም። አሌክሳንድሪያ ከባሕር ጠለል እምብዛም ከፍ አትልም፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ሲሳሳ ካርቡሬተሩ የለመደውን ያህል ቤንዚን ይሰጣል፣ አየሩ ግን አይበቃውም። ካንዴላውን ፈትተው ቢያዩት ጫፉ ጥላሸት ለብሶ ያገኙታል። መፍትሔው ቤንዚኑ የሚያልፍበትን ትንሽ የነሐስ ቀዳዳ ለከፍታ ቦታ በተሠራ ጠባብ መቀየር ነው። ክፍሉ እዚህ በቀላሉ አይገኝም፤ እዚያ ግን የሞተሩን ቁጥር ይዘው ሄደው ከመነሣትዎ በፊት ይገዙታል፣ ከጥፍር አይበልጥም። እንዲያም ሆኖ በየ300 ሜትሩ 3 ከመቶ ያህል ጉልበት ይቀንሳል፤ ያንን ማንም አይመልሰውም። ለትንሽ ግቢ ትበቃለች፤ ሣሩ ሳይረዝም ማጨድ ነው።

የምትጫን ከሆነ ቤንዚኑን ራስዎ ያስቀዱ፤ ከዚያ አስነሥተው በራሷ እስክትጠፋ ያቆዩአት፣ ካርቡሬተሩ ውስጥ ያለው እንዲያልቅ። ዘይቱንም ያስወጡ። ክዳኑን ከፍተው ሁለት ቀን ነፋስ ያግኛት። ቤንዚን የቀመሰ ሞተር በሻንጣ አይታሰብ።

መከርከሚያውን ግን እዚያው ይሽጡት። 56 ቮልት ባትሪ 5 አምፒር ሰዓት ቢሆን 280 ዋት ሰዓት ነው፤ መንገደኛ በእጁ የሚይዘው ትርፍ ባትሪ እስከ 100፣ በአየር መንገዱ ፈቃድ ደግሞ እስከ 160 ነው። በባሕርም ቢሆን አደገኛ ጭነት ተብሎ መመዝገብ አለበት። ቻርጀሩ ደግሞ የዚያ አገር 120 ቮልት ነው፤ የእኛ 220። ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ ያንብቡ፤ «100–240» ካላለ በቀጥታ የሰኩት ዕለት ይቃጠላል፣ ባትሪውም ያለ ቻርጀር ድንጋይ ነው።

የኮተቤ ልጅ፦
ይህን ሁሉ ሰምታ ማጨጃዋን ከጫነች እኔ ዝም ብያለሁ። ሆኖም ወንድሜ፣ ስለ ቀዳዳው የነገርኸን እኔም አላውቀውም ነበር። የአጎቴ ማጨጃ ሁለት ዓመት በረንዳ ላይ ቆማለች፤ አድራሻህን በውስጥ ላክልኝ።

የጓሮዋ እናት፦
ዛሬ ያነበብሁትን ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብሁለት። ጎማዎቹስ? ከባድ ላስቲክ ናቸው፤ ፀሐይ አይሰነጥቃቸውም፣ ውድም ናቸው።

ትንንሽ ሞተር፦
ጎማው ራሱ ጥሩ ነው፣ አፉ ግን ከቧንቧችን ጋር አይገጥምም። ሁለቱም ሦስት አራተኛ ኢንች ሊባሉ ይችላሉ፤ የአሜሪካው የጎማ አፍ ግን በአንድ ኢንች 11 ተኩል ጥርስ አለው፣ የእኛ ቧንቧ የሚከተለው የእንግሊዙ ልክ 14። ሲያጠብቁት አንድ ሁለት ዙር ይይዝና ይጣመማል፣ ከዚያ ሌሊቱን ሲንጠባጠብ ያድራል። በጉልበት አያጥብቁት፤ የቧንቧውን ጥርስ ይበላዋል። አፉን ቆርጠው ጥለው እዚህ የሚሸጠውን አፍ በፋሼታ ያስሩታል፤ ሥራው አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ቀይ እጀታ፦
ትርፍ ስለቶቹን እንዳትረሺ።

የዳላስ መንገደኛ፦
እኔ ከሁለት ዓመት በፊት ገብቻለሁ፤ መንገዴ ሻንጣ ነበር። በኢትዮጵያ አየር መንገድ ዋሽንግተን አጠገብ ካለው ዳላስ አውሮፕላን ማረፊያ ለአንድ ሰው 23 ኪሎ የሚመዝን ሁለት ሻንጣ ይፈቀዳል፤ ለባልና ሚስት አራት ማለት ነው። የመንሹንና የመኮትኮቻውን እንጨት አወለቅሁ፤ ብረቱን ብቻ በሙቅ ውሃና በሽቦ ብሩሽ አጠብሁ፤ ጥፍሩ ሥር የተጋገረው የቨርጂኒያ ቀይ አፈር በቢላዋ ጫፍ ነው የወጣው። አፈር የነካ ዕቃ ታጥቦ ደርቆ ይግባ፤ የሰው አገር ተባይና በሽታ በአፈር ነው የሚሻገረው። ከዚያ በድሮ ብርድ ልብስ ጠቅልዬ በሻንጣው መሐል አደረግሁ። አዲስ አበባ አንድ አናጢ የባሕር ዛፍ እጀታ ገጠመልኝ። ከበፊቱ ይልቅ ለቁመቴ ተስማማኝ። ካሪዮላና አካፋ እዚሁ ገዛሁ።

የጓሮዋ እናት፦
እንጨቱን ማውለቅ አልመጣልኝም ነበር! አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ፤ ከሁሉም የከበደኝም እሱ ነው። በበርሜል ውስጥ የተከልሁት ጌሾ አለኝ። በየክረምቱ፣ የዚህን አገር በረዶ ማለቴ ነው፣ ወደ ቤት እያስገባሁ 11 ዓመት አቆይቼዋለሁ። ጤና አዳምና ኮሰረትም አለ። ዘር ወይም ግንጣይ ብይዝ ምን ይሉኛል?

ገበሬ ነበርሁ፦
ልጄ፣ እሱን ተዪው። ተክልም ሆነ ዘር ያለ ማስገቢያ ፈቃድና ያለ ዕፅዋት ጤና የምስክር ወረቀት አይገባም፤ የኳራንቲን ደንብ ያለው በከንቱ አይደለም። ቅጠሉ ላይ የማታዪው በሽታ የጎረቤትሽን ጓሮ ሁሉ ሊጨርስ ይችላል። ጌሾ፣ ጤና አዳምና ኮሰረት ደግሞ እዚህ ሞልቷል። እዚህ ችግኙን ከየመንደሩ ሴቶች እጅ ታገኚዋለሽ።

የጓሮዋ እናት፦
እውነትዎን ነው ጋሼ። አላመጣውም። ግን መጣል አልችልም።

ወለላ፦
እኅቴ፣ እኔ ዉድብሪጅ ነኝ፤ ከአንቺ ቤት ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። ጠላ የምጠምቀው ከሱቅ በተገዛ ደረቅ ጌሾ ነው፤ ርጥብ ቅጠል ካየሁ ዘመን ሆኖኛል። ምሥራቅ የሚያይ ሰፊ መስኮት አለኝ፤ ለበረዶው ወቅት ይበቃዋል። ቅዳሜ ከባለቤቴ ጋር በፒክአፕ ብንመጣስ?

የጓሮዋ እናት፦
ኑ። ከሰዓት በፊት ይሁን፤ ቡናውም እንዳያመልጣችሁ። በርሜሉ ከባድ ስለ ሆነ ካሪዮላው በር ላይ ይጠብቃችኋል።

ሚካኤል ሠፈር፦
የቀረውስ እንዴት ሆነ? ማጨጃዋ ትመጣለች? በማን በኩል?

ወለላ፦
የውሻዋን ወረቀት የሚያውቅ አሁንም አልተገኘም?