ጥቆማ፦ ጅማ ውስጥ ተፈጭቶ የታሸገ ቡና የት ልግዛ? ወይስ የአዲስ አበባውን ልጠብቅ?

የቆጪ ልጅ
ሰላም የጅማ ሰዎች። ጥያቄዬ አጭር ነው፤ ታሪኩ ግን ትንሽ ይረዝማል።

የባለቤቴ ወንድም አዲስ አበባ ነው የሚሠራው። ሊጠይቀን በመጣ ቁጥር ከአንዱ ስመ ጥር ቡና ቤት የታሸገ ግማሽ ኪሎ ቡና ይዞልኝ ይመጣል። ለጅማ ሰው! ቡና! ባለፈው ማሸጊያውን ገልበጥ አድርጌ ሳየው «ሊሙ» ይላል። እንግዲህ ከዚህ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ፣ እዚያ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ የክት ልብስ ለብሶ፣ በመጣበት መንገድ ተመለሰ ማለት ነው። «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ተቀበልኩ፤ ምን ልበል?

አሁን ደግሞ የአዲስ አበባዎቹ ትልልቅ ቡና ቤቶች ወደ ክልል ከተሞች እየወጡ ነው፣ ጅማም ቅርንጫፍ ሊከፈት ነው የሚል ወሬ ሰማሁ። ወሬ ነው። ቤቱን አይቻለሁ የሚል ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

ጥያቄው፦ ለሞካ (እሳት ላይ የምትጣደው የጣሊያኖች ማፍያ) የሚሆን፣ የተቆላበት ቀን የተጻፈበት የተፈጨ ቡና እዚሁ ጅማ የት አገኛለሁ? ከአዲስ አበባው ጋር አወዳድሮ የጠጣ ካለ ይንገረኝ። እንግዳዬ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይመጣል፤ ዘንድሮ ልቅደመው ብዬ ነው።

ስኒ በስኒ
አጂፕ ሰፈር። ከባጃጅ ተራው አለፍ እንዳልክ ላስቲክ ወጥረው የሚያፈሉ እናት አሉ። ሁላችንም አዴ ነው የምንላቸው። ሌላ ቦታ አትልፋ።

የቆጪ ልጅ
አመሰግናለሁ። ግን የታሸገ ነው የፈለግኩት። ቤት የማፈላው።

ስኒ በስኒ
ሄደህ ቁጭ በልና ጠጣ ነው የምልህ። ቡና ይታሸጋል እንዴ?

ሚስኪኑ ተማሪ
ስለ ቡና ቤት ካነሳችሁ አይቀር፣ የዩኒቨርሲቲው ዋናው ግቢ አካባቢ ሶኬት ያለው፣ በአንድ ማኪያቶ ግማሽ ቀን ቢቀመጡ የማይገላመጡበት ካፌ ታውቃላችሁ? መመረቂያ ጽሑፍ ይዤ ነው።

ፈረንጅ አራዳ
@ሚስኪኑ ተማሪ ከበሩ ወደ ከተማ ስትመጣ በግራ በኩል ፎቅ ላይ ያለው። ከመስኮቱ ሥር ያለው ወንበር ጋ ሁለት ሶኬት አለ፤ የቀኙ አይሠራም። ጠዋት ሂድ፣ ከሰዓት ኳስ ይከፍታሉ።

የቆጪ ልጅ
ተማሪው በአምስት ደቂቃ መልስ አገኘ። እኔስ?

ጊቤ ማዶ
ወንድሜ፣ የታሸገ ከመግዛትህ በፊት የእኔን ስማ።

አምና ለፋሲካ አዲስ አበባ ያሉ አጎቴ ጋ ስሄድ ሦስት ከረጢት ገዛሁ። እዚሁ ከተማችን ውስጥ፣ ስሙን የማልጠራው ሱቅ። ከረጢቱ ላይ ጀበና ተሥሏል፣ «ንጹህ የጅማ ቡና» ተብሎ በወርቃማ ቀለም ተጽፏል። አጎቴ በቀን ሦስቴ የሚጠጡ ሰው ናቸው። ቤተሰቡ ተሰብስቧል፣ ቄጠማው ተጎዝጉዟል፣ ዕጣኑ ይጨሳል። አጎቴ አንዴ ፉት አሉ። ስኒዋን ረከቦቱ ላይ ቀስ አድርገው መለሷት። አፋቸውን ጠረግ ጠረግ አድርገው፦ «ልጄ፣ ገብሱስ ደርሶናል። ቡናው መንገድ ላይ ቀረ?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ ያ ቤተሰብ ስሜን ረስቶታል። «በሶ መጣ» ነው የምባለው። ዘንድሮ የአጎቴ ልጅ ስታገባ የጥሪ ወረቀቱ ላይ ሳይቀር በእርሳስ «ለበሶ» ብለው ጽፈው ላኩልኝ።

ቶና
😂😂 የትኛው ሱቅ ነው?

ጊቤ ማዶ
ስም አልጠራም ብያለሁ።

ቶና
ሰፈሩን ብቻ።

ጊቤ ማዶ
አልናገርም።

ፈረንጅ አራዳ
መርካቶ ከሆነ አንዴ ላይክ አድርግ፣ ካልሆነ ሁለቴ።

ጊቤ ማዶ
አንድን ነገር ሁለቴ ላይክ ማድረግ አይቻልም እኮ።

አባ ነገር
እኔ የምጠቁመው ሌላ ነው። ለጅማ ሰው የታሸገ ቡና ከተሸጠ ሥራ ፈጠራ ገና አልተነካም ማለት ነው። ለአፋር ጨው እናሽግለት። ለከፋ ሰው ማር። የቦዬን ረግረግ ውሃ አሽጎ ለሰፈሩ የሚሸጥም አይጠፋም። ሼር መግዛት የምትፈልጉ በውስጥ መስመር አናግሩኝ።

መልኮ ሰፈር
ቀልዱ ጥሩ ነው። ሰውየው ግን እርዳታ ፈልጎ ነው የመጣው። በዚሁ ቡና ነክ ሥራ ላይ ስለሆንኩ የማውቀውን ልበል።

አንደኛ፣ ገብሱን ለመለየት። በብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ ሙላና ከላዩ አንድ ማንኪያ የተፈጨ ቡና ጣልበት። አታማስለው። ቡና ቅባት ስላለው ጥቂት ላይ ላይ ይንሳፈፋል፤ ውሃውንም ቶሎ አያቀልምም። ገብስ ወይም ሽምብራ ከገባበት ወዲያው ወደ ታች እየወረደ ክር የመሰለ ቡናማ ቀለም ይለቃል። የላቦራቶሪ ምርመራን አይተካም፤ ከበሶነት ግን ያድናል።

ሁለተኛ፣ ተፈጭቶ የታሸገ አትግዛ። ቡና ከተፈጨ በኋላ ሽታው በቀናት ውስጥ ነው የሚሸሸው፤ ማሸጊያው ያማረ መሆኑ አይመልሰውም። ጥሬውን ግዛ። ሄርማታ መርካቶ ስትገባ የታጠበና ያልታጠበ ለይተህ ጠይቅ። የታጠበው ጠራ፣ ቆምጠጥ ይላል፤ ያልታጠበው፣ ከነገለፈቱ ደርቆ ጀንፈል ሆኖ የሚፈለፈለው፣ ወፍራምና ጣፈጥ ያለ ነው። ለሞካ እኔ ያልታጠበውን እመርጣለሁ። ለዘመኑ አዲስ ምርት ከሆነ ደግሞ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ለቀማ ነው፤ ከዚያ በኋላ ጠይቅ።

ሦስተኛ፣ ይሄን ልብ በል፤ ብዙ ሰው የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው። ወፍጮ ቤት ስትሄድ ከአንተ በፊት ምን እንደተፈጨ ጠይቅ። እኔ አንድ ጊዜ ሳልጠይቅ አስፈጭቼ ሳምንቱን ሙሉ ሚጥሚጣ ሚጥሚጣ የሚል ቡና ጠጥቻለሁ። ልኩንም ንገራቸው። ለጀበና እንደሚደቀው ከደቀቀ ሞካው ይዘጋል። ደቃቅ የገበታ ጨው እስኪመስል በቂ ነው።

የቆጪ ልጅ
ይሄ ነው መልስ! በጣም አመሰግናለሁ። የት ወፍጮ ቤት?

ቶና
@መልኮ ሰፈር አንተ ሰውዬ፣ 74110 እና 74112 የሚባሉት የቡና ዝርያዎች ከእናንተ ከመልኮው የግብርና ምርምር ማዕከል ነው የወጡት አይደል? አባቴ ማና ውስጥ ተክሏል። ቁጥሩን የነገሩት ቀን «ይደውሉልኛል» ብሎ ስልኩ ላይ መዝግቦታል።

መልኮ ሰፈር
😄 አዎ። 74ቱ የተሰበሰበበት የፈረንጆች ዓመት ነው፣ 1974። በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ አገር ውስጥ ገብቶ እሸቱን ገና ከዛፉ ላይ እያጠቆረ ሲያረግፍ፣ የሚቋቋመውን ዛፍ ከየጫካው መፈለግ ግድ ሆነ። እነዚህ ሁለቱ ከኢሉባቦር፣ መቱ በኩል የተገኙ ናቸው። አባትህ እስኪደወልላቸው አይጠብቁ።

የቆጪ ልጅ
ወፍጮ ቤቱ?

ፈረንጅ አራዳ
እኔ በግልጽ ልናገር፣ ትልቁ ቡና ቤት ይምጣልን ባይ ነኝ። ለቡናው ብዬ አይደለም። ለሽንት ቤቱ ነው። ሰው ለሥራ ቀጥሬ ስንት ጊዜ ተሸማቅቄያለሁ። ደግሞ መብራት ሲጠፋ የማይቆም ማሽን፣ ጀርባ ያለው ወንበር፣ ደረሰኝ። ይሄ ሁሉ ከመጣ ማኪያቶው ሦስት እጥፍ ቢሆንም እከፍላለሁ።

ስኒ በስኒ
ወንበር? በጅማ? ከአንድ ግንድ የተፈለፈለች ባለ ሦስት እግር በርጩማ ባለባት አገር ሶፋ ናፈቀህ?

ፈረንጅ አራዳ
ወገቤን ጠይቀው።

አባ ነገር
ስም ካነሳን ቶሞካ በፈረንጆች 1953 ፒያሳ የተከፈተ ነው። ስሙ የጣሊያንኛ ምህጻረ ቃል ሲሆን ሰው ቆሞ ነው የሚጠጣበት። ስለዚህ ለወገብህ መፍትሔ አይሆንም። ካልዲስ ደግሞ ስሙን ያገኘው ከፍየል ጠባቂው ከካልዲ ነው። ፍየሎቹ የጨፈሩት የት ነው ብለህ ጎማ ወረዳ ብትሄድ ሕፃን ልጅ ሳይቀር ጮጬን ያሳይሃል። ቡናውን ወሰዱ፣ እረኛውን ወሰዱ፣ ፍየሎቹን ብቻ ነው የተዉልን።

ቶና
መንግሥት በፈረንጆች 2005 አሜሪካ ሄዶ የቡና ስም በንግድ ምልክትነት ላስመዝግብ ሲል ይዞ የቀረበውስ? ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞ፣ ሐረር። በ2007 ከስታርባክስ ጋር የተስማሙትም በእነዚሁ ላይ ነው። ሊሙ የለ፣ ጅማ የለ። በዓለም ገበያ ደግሞ ስማችን ከነቁጥሩ ነው የሚጠራው፦ «ጅማ 5»። አምስተኛ ደረጃ! የክፍል ውጤት እኮ ነው የሚመስለው።

መልኮ ሰፈር
አምስት የደረጃ መለያ ነው እንጂ ስድብ አይደለም። ያልታጠበ ቡና ሲመደብ…

ቶና
ስድብ ነው።

አዲስ ጀበና
ልጆች፣ እኔ የማፈላ ነኝ። አጂፕ አይደለሁም፤ ከሸነን ጊቤ ሆስፒታል አለፍ ብሎ ነኝ። ሁሉም ስለ ትልቁ ቤት ሲያወራ እኛን የጠየቀን የለም።

እኔ እሱን አልፈራም። የምፈራው ከሰልን ነው። ስኳርን ነው። ጥሬ ቡናው እዚሁ እየበቀለ ዋጋው የሚወሰነው ባሕር ማዶ ነው። ወደ ውጪ የሚላከውማ ለዘመናት አገር ውስጥ እንዳይሸጥ ክልክል ነበር። ለእኛ የተረፈንን ነው ለቅመን፣ አጥበን፣ ቆልተን የምናሳምረው።

ደንበኛዬን ደግሞ አውቀዋለሁ። ሌሊት በሽተኛ ሲያስታምም ያደረ ሰው ጠዋት ሲመጣ አያወራም። አቦሉን ዝም ብዬ እሰጠዋለሁ፣ ጤና አዳም ጣል አድርጌ። ሁለተኛውን ሲጠጣ ማውራት ይጀምራል። ሦስተኛውን በዱቤ ይጠጣል። እነሱ ዱቤ ይሰጣሉ?

ስኒ በስኒ
እናቴ፣ እጅዎ ይባረክ። ግን የአዴን ቡና ቀምሰው ያውቃሉ?

አዲስ ጀበና
ያቺን ሴት ቡና ያስተማርኳት እኔ ነኝ ልጄ።

ጊቤ ማዶ
😳

ሁለት ስኒ
ወደ ጥያቄው ልመልሳችሁ። እኔ በትክክል አወዳድሬያለሁ። ቢሮ ውስጥ ከእኔ ሌላ አራት ሰዎች አሉ። አንዱ ሞካ የአዲስ አበባው የታሸገ፣ ሌላው ሞካ ከመርካቶ ጥሬ ገዝቼ እናቴ የቆላችው። ስኒዎቹ አንድ ዓይነት፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ አልተናገርኩም። ሦስቱ የታሸገውን መረጡ። አንዱ «ሁለቱም ያው ነው፣ ስኳር አቀብሉኝ» አለ። እኔም ደነገጥኩ። በኋላ ሳስበው እናቴ ለጀበና እንደለመደችው አጥቁራ ነው የቆላችው፤ ለሞካ ትንሽ ቀደም ብሎ መውጣት ነበረበት።

ስኒ በስኒ
አይቆጠርም።

ሁለት ስኒ
ለምን?

ስኒ በስኒ
አዴ አላፈሉትም።

ሁለት ስኒ
ስለ አዴ እኮ አይደለም ውድድሩ።

ስኒ በስኒ
ስህተቱም እዚያ ላይ ነው።

ሚስኪኑ ተማሪ
@ፈረንጅ አራዳ ሄድኩ። ወንበሯ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦባታል። ሁለት ሰዓት ጠበቅኩ።

ፈረንጅ አራዳ
ሰማያዊ ሹራብ ነው የለበሰው?

ሚስኪኑ ተማሪ
አዎ።

ፈረንጅ አራዳ
እኔ ነበርኩ። ይቅርታ ወንድሜ፣ ነገ እለቅልሃለሁ።

የቆጪ ልጅ
ሰላም ናችሁ? ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እንግዳዬ ትናንት ማታ ገባ። በሩን ስከፍትለት ዐይኔ እጁ ላይ ነበር። ዘንድሮ ቡና አላመጣም።

ማር ነው ያመጣው። የታሸገ። ከአዲስ አበባ።

አባ ነገር
ሼር የገዛችሁ እንኳን ደስ አላችሁ።

ቶና
ማሸጊያው ላይ የየት አገር ማር ነው የሚለው? ፎቶ!

መልኮ ሰፈር
ቡናውስ? በመጨረሻ የቱን ገዛህ? ጥሬ ነው ወይስ የታሸገ?

ጊቤ ማዶ
@የቆጪ ልጅ እኛም እየጠበቅን ነው።

ስኒ በስኒ
አዴ ጋ ነው የወሰደው። አልተናገረም እንጂ አውቃለሁ።

ሚስኪኑ ተማሪ
ወንበሯን አገኘኋት። አሁን ደግሞ የግራውም ሶኬት አይሠራም።