ኮምፓይለሩ የተሳሳተውን ኮንፊግ.ኤች እያነበበ ነው

ጥያቄ
ኮምፓይለሬ (የሲ ኮድን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረው ፕሮግራም) ጂሲሲ ነው። ኮንፊግ.ኤች የሚባል ሄደር (ሌሎች ፋይሎች ጠርተው የሚያስገቡት ፋይል) ሁለት ቦታ አለ፦ አዲሱ «ኢንክሉድ» ፎልደር ውስጥ፣ አሮጌው «ኔት» ውስጥ። ኔት ውስጥ ያለው ሶኬት.ሲ በጥቅስ ምልክት ይጠራዋል። ኢንክሉድን ሄደር የሚፈለግበትን ፎልደር በሚጠቁመው አማራጭ፣ በ-አይ (በትልቁ ፊደል) ብሰጥም፣ ቅደም ተከተሉን ብቀያይርም የሚያነበው አሮጌውን ነው። አሮጌውን ለጊዜው ማጥፋት አልችልም። ምን ይሻላል?

መልስ 1
የ-አይን ቅደም ተከተል መቀያየር እዚህ ምንም አይረዳም። በጥቅስ የተጻፈ ስም መጀመሪያ የሚፈለገው ጠሪው ፋይል ባለበት ፎልደር ነው። ትዕዛዙን የሰጠህበት ፎልደር አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እዚያ ከታጣ በ-አይኮት (በጥቅስ ለተጻፉ ስሞች ብቻ በሚያገለግለው አማራጭ) የተሰጡት ፎልደሮች ይታያሉ፣ ቀጥሎ የ-አይ ፎልደሮች ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ በ-አይሲስተም (የሲስተም ሄደሮችን ፎልደር በሚጠቁመው አማራጭ) የተሰጡት፣ ከዚያ የሲስተሙ መደበኛ ፎልደሮች። መጀመሪያ የተገኘው ይወሰዳል፣ ፍለጋውም ያበቃል። ሶኬት.ሲ አጠገቡ ኮንፊግ.ኤች ስላለ -አይ ጋ አይደርስም።

በ< > ብትጽፈው የራሱን ፎልደርና -አይኮትን ዘሎ ከ-አይ ይጀምራል። እኔ ግን የምመክረው ኢንክሉድ ውስጥ በፕሮጀክቱ ስም ንዑስ ፎልደር ከፍተህ ፋይሉን እዚያ ማስገባትና ከነፎልደሩ ስም መጥራት ነው። ያኔ የሚምታታ ስም አይኖርም።

መልስ 2
መጀመሪያ የትኛው እንደተነበበ አረጋግጥ። -ኤች (ይህም በትልቁ ፊደል) የሚለው አማራጭ የተከፈተውን ሄደር ሁሉ ከነመንገዱ ይዘረዝራል፦ አንድ ነጥብ ያለው ሶኬት.ሲ ራሱ የጠራው፣ ሁለት ነጥብ ያለው በሌላ ሄደር በኩል የገባ። -ቪ ደግሞ የፍለጋውን ዝርዝር ያትማል። የመንገዱን ስም አሳስተህ ከሆነ፣ ፎልደሩ እንደሌለና እንደታለፈ የሚነግርህ መስመር እዚያ ነው ያለው፤ በተለመደው ኮምፓይል ዝም ብሎ ያልፈዋል።

ሁለቱ ፋይሎች አንድ ዓይነት ኢንክሉድ ጋርድ (ፋይሉ ዳግም ሲጠራ ይዘቱ እንዲዘለል የሚያደርግ መከላከያ) ካላቸው ደግሞ ነገሩ ይከፋል። ኢንክሉድ ውስጥ ያለ ሎግ.ኤች ኮንፊግ.ኤችን በጥቅስ ሲጠራ አጠገቡ ያለውን አዲሱን ያገኛል። ሶኬት.ሲ ሎግ.ኤችን ካስቀደመ አዲሱ ይገባና አሮጌው ተከፍቶ በጋርዱ ምክንያት ባዶ ይሆናል። ሁለቱን መስመሮች ስታለዋውጥ ውጤቱ ይገለበጣል፣ ስህተት የሚል መልእክት ግን አይመጣም።

ጠያቂው
ኢንክሉድን በ-አይሲስተም ብሰጠውስ?

መልስ 1
አይረዳም፤ ፍለጋው አሁንም ከሶኬት.ሲ ፎልደር ነው የሚጀምረው። በዚያ ላይ እንደ ሲስተም ሄደር ስለሚቆጠር የራስህ ሄደሮች ማስጠንቀቂያ ይታፈናል። በተለይ የሲስተሙ መደበኛ ፎልደር የሆነውን /ዩኤስአር/ኢንክሉድን በ-አይሲስተም አትስጥ። የሲ++ ሄደሮች የሲውን ስታንዳርድሊብ.ኤች የሚጠሩት በኢንክሉድ-ኔክስት፣ ማለትም ከራሳቸው ፎልደር ቀጥሎ ካለው ጀምረው ነው። ያ ፎልደር ወደ ፊት ከወጣ ከእነሱ በኋላ አይገኝም፣ ፋይሉ ዲስኩ ላይ እያለ «የለም» ይልሃል።